የቫኪዩም መርፌው 24 ላይ ይቆማል፤ ኮልድ ሩሟ ደግሞ በቀትር ቀጥ ትላለች (ባሕር ዳር)

የዓሣ ቤት · መጋቢት 12፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ዓሣ እንሸጣለን። አንዲት ኮልድ ሩም አለችን። ጋዟ አር 134ኤ ነው። ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው) በሦስት ፌዝ ይሠራል፣ ኮንደንሰሩ (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው) የሚቀዘቅዘው በፋን ነው። ክፍሉን ከ0 እስከ 2 ዲግሪ ነው የምንይዘው። የሚገባው ቀረሶና አምባዛ ነው፣ ቶሎ ይገባል ቶሎ ይወጣል።

ጠዋት ጠዋት ምንም አትልም። ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ኮምፕረሰሩ ቀጥ ይላል። ቁልፉ ብቅ ይላል፣ እጫነዋለሁ፣ ትንሽ ይሠራና ደግሞ ቀጥ። እስከ 10 ሰዓት ድረስ እንዲህ ስንጓተት እንውላለን። ጾም ስለሆነ ገበያው ደርቷል፣ የምታስቸግረውም በዚሁ ሰሞን ነው።

ባለፈው ወር አንዲት ቧንቧ ተሰንጥቃ ጋዙ ወጥቶ ነበር። ባለሙያ መጥቶ በየዳት፣ ጋዝ ሞላ። አሁን ብጠራው "ጋዝ አንሷታል፣ እንጨምርላት" ይላል። ሌላ ሰው አይቶ "ቫኪዩም በደንብ አልተሳበም" አለ፤ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ቧንቧው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተስቦ አልወጣም ማለቱ ነው። የመጀመሪያውን ስጠይቀው "የቫኪዩም ፓምፔ ደክሟል፣ መርፌው 24 ላይ ይቆማል እንጂ 30 አይደርስም፣ ስለዚህ አየሩን በጋዝ ገፍቼ አስወጥቼዋለሁ" አለኝ።

ማንን ልመን? ጋዙም ውድ ነው፣ ኮምፕረሰሩ ከተቃጠለ ደግሞ ጉድ ነው።

ጋዝ ሞላ · 2፡31

ጋዝ ነው ወዳጄ። ኮልድ ሩም ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚታየው ጋዝ ነው። ትንሽ ጨምርበትና እየው፣ ምን ይጎዳሃል?

ጋሽ ፍሪጎ · 2፡58

ጋዝ ሞላ፣ መልስህን ገና ስምህን ሳይ ነው ያወቅኩት። ግን ተው። ጋዝ ያነሰው ማሽን የሚዘጋው በዝቅተኛው ግፊት በኩል ነው። በቀትር ሙቀት እየጠበቀ ቁልፍ የሚያስፈነጥር ማሽን ግን ብዙ ጊዜ ግፊት በዝቶበት ነው። እዚያ ላይ ጋዝ መጨመር ጠግቦ ሊያስመልሰው ላለ ሰው ሌላ እንጀራ ማቅረብ ነው።

የዓሣ ቤት፣ ልጄ፣ እስቲ እነዚህን ንገረኝ። ብቅ የሚለው ቁልፍ የቱ ላይ ነው ያለው? ቀጭን የመዳብ ቱቦ የገባበት ሳጥን ላይ ነው ወይስ ከኮንታክተሩ (ከሞተሩ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ሥር? የመጀመሪያው ከሆነ የግፊት ነው፣ ሁለተኛው ከሆነ የኤሌክትሪክ ነው። ሁለቱም በቀትር ሊዘጉ ይችላሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ሊዘጋ ሲል የከፍተኛው ግፊት ጌጅ (መለኪያ) ስንት ያነባል? የውጭው ሙቀት ስንት ነው? ኮንደንሰሩስ መቼ ተጠረገ? ቁጥር አምጣና እናውራ።

አራት ኪሎ · 3፡10

ስለ ቫኪዩሙ እኔ ልናገር። የምሠራው አዲስ አበባ ነው። እኛ ጋ መርፌው 22 ተኩል አካባቢ ይቆማል። ከካርቶን የወጣ አዲስ ፓምፕ ብታስነሳም እዚያው ነው። አንድ ጊዜ ጅቡቲ ወርጄ ያንኑ ፓምፕ ስጠቀም 30 ጠጋ ብሎ አየሁት። የሰውየው ፓምፕ አልደከመም።

ጋዝ ሞላ · 3፡14

እንዴት ሆኖ? ጌጁ ላይ 30 ተብሎ ተጽፏል እኮ።

የፖሊ ልጅ · 3፡52

እኔ ልሞክር፣ ትንሽ ይረዝማል።

ያ ጌጅ የሚያነበው የቧንቧውን ግፊት ለብቻው አይደለም። ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። ምንም ሳይገጠምለት 0 ላይ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ቫኪዩም ሲሳብ ውስጡ ባዶ እየሆነ ይሄዳል፣ መርፌውን የሚገፋው የውጭው አየር ነው። ስለዚህ መርፌው የውጭው አየር በሚጫነው ልክ ብቻ ነው የሚሄደው።

ባሕር ወለል ላይ አየሩ 29.9 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ይጫናል። ጌጁ ላይ ያለው 30 ከዚያ የመጣ ነው። ባሕር ዳር ግን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። "ባሕር" የሚል ስም ስላላት ባሕር ወለል ላይ ያለች የሚመስለው አይጠፋም። እዚህ ያለው የአየር ግፊት 81 ተኩል ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በኢንች ሜርኩሪ ሲቆጠር 24 ይሆናል። ፓምፑ ቧንቧውን አንዲት ሞለኪውል ሳያስቀር ቢያጸዳው እንኳ መርፌው ከ24 አያልፍም። 30 እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ዕድሜ ልኩን ይጠብቃል። የአዲስ አበባው ወንድማችን 22 ተኩል ያለውም ከተማው ከእኛ ከፍ ስለሚል ነው።

ነገሩ በቫኪዩም አያበቃም። ጌጁ ላይ በየጋዙ የተጻፈው የሙቀት መስመርም፣ ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው የግፊትና የሙቀት ሰንጠረዥም የተሠሩት ለባሕር ወለል ነው። አር 134ኤ በ0 ዲግሪ ሲፈላ ሰንጠረዡ 27.8 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይላል። እዚህ ያው ጋዝ፣ በዚያው 0 ዲግሪ፣ 30.7 ያህል ይነበባል። የውጭው አየር በ2.9 ፒኤስአይ ስለሚቀል ነው። በከፍተኛው በኩል 3 ፒኤስአይ ኢምንት ናት፣ ማንም አይታመምባትም። በዝቅተኛው በኩል ግን ትጎዳለች። ጋዙ -10 ላይ እየፈላ ሰንጠረዡ -7 ተኩል ነው ይልሃል። በዚያ ቁጥር ቫልቭ የሚያስተካክል ሰው ጥሩ ማሽን ያበላሻል።

አንዳንዱ ዲጂታል ማኒፎልድ (ሁለቱን ጌጆች የያዘው) ገና ሲከፈት ከፍታ ወይም የአካባቢ የአየር ግፊት አስገባ ይላል። ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት።

አራት ኪሎ · 4፡01

እኔ በልምድ የማውቀውን በቁጥር ነገረኝ። እናመሰግናለን።

ጋሽ ፍሪጎ · 4፡20

የፖሊ ልጅ ልክ ነው። እኔ ሥራ ስጀምር ይህን የነገረኝ አልነበረም። ጌታዬ "30 ካልደረሰ ፓምፑ ሞቷል" ይል ነበር፣ ስንት ደህና ፓምፕ ጥለናል መሰላችሁ።

ግን አንድ ልጨምር። 24 ደረሰ ማለት ደግሞ ጨርሰናል ማለት አይደለም። በ20 ዲግሪ ቧንቧ ውስጥ የቀረ ውሃ መፍላት የሚጀምረው መርፌው 23.4 ላይ ሲደርስ ነው። በ23.4 እና በ24 መካከል ያለችውን ልዩነት በዚያ ወፍራም መርፌ ማን ይለያታል? እርጥበቱ የሚደበቀው ግን እዚያች ውስጥ ነው። ለዚህ ማይክሮን ጌጅ (በጣም ጥቃቅን ግፊት የሚለካ) ያስፈልጋል። የእሱ ጥቅም ከከፍታ ጋር ጉዳይ የለውም፤ የሚለካው የቀረውን ብቻ ነው። ጂማ ብትሆን፣ ጎንደር ብትሆን፣ ምፅዋ ብትሆን 500 ማይክሮን 500 ማይክሮን ነው።

500 ሲደርስ ፓምፑን በቫልቭ ዝጉና ጠብቁ። ቁጥሩ ሳያቋርጥ ከወጣ ቀዳዳ አለ። ወጥቶ 1,500 ወይም 2,000 አካባቢ ረጋ ካለ እርጥበት አለ፣ ደግማችሁ ሳቡ። እዚያው 500 አካባቢ ከቆየ ጋዝ ሙሉ። የፓምፑንም ዘይት እዩ። ወተት ከመሰለ ውሃ ጠጥቷል፣ ቀይሩት። ብዙ "የደከመ" ፓምፕ ዘይቱ የቆሸሸ ብቻ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን "አየሩን በጋዝ ገፍቼ አስወጣሁ" ያለው ነው።

እታለም ከወረታ · መጋቢት 13፣ ከጠዋቱ 1፡40

እንደምን አደራችሁ። ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና ይቅርታ። እኔ ወረታ ወተት እሰበስባለሁ። ወተቱን 4 ዲግሪ የምታደርስ አንዲት ታንክ አለችኝ፣ በተራ ሶኬት ነው የምትሠራው። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ ኮምፕረሰሯ "እምምም" ትላለች፣ ትጮሃለች፣ ከዚያ ጭጭ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "እምምም"። አንዳንዴ ራሷ ትነሳለች። ይህ ምንድን ነው?

አባይ ማዶ ኤሌክትሪክ · 2፡05

እታለም፣ ኮምፕረሰሩ ሲቆም በአንዱ በኩል ያለው ግፊት ከፍተኛ፣ በሌላው በኩል ያለው ዝቅተኛ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ እስኪመጣጠኑ ደቂቃዎች ይፈጃል። መብራቱ ወዲያው ሲመለስ ሞተሩ ያን ሁሉ ግፊት ተሸክሞ መነሳት ያቅተዋል። ይጮሃል፣ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ጅረት ይስባል፣ ይግላል፣ መከላከያው ይቆርጠዋል። ሲበርድ ደግሞ ይሞክራል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ውስጡ ያለው ሽቦ እየተበላ ነው።

መፍትሔው ዲሌይ ታይመር ነው። መብራት ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይጠብቅና ያስነሳል። እስኪገጠምልሽ ድረስ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀዪ፣ ሲመጣ ቆየት ብለሽ ሰኪው። ቮልቴጁንም አስለኪ። 220 መሆን የሚገባው 180 ከሆነ ታይመር ብቻውን አያድንሽም።

ለዓሣ ቤትም እግረ መንገዴን። በሦስት ፌዝ የምትሠሩ ሁሉ የፌዝ መከላከያ ሪሌይ ከሌላችሁ ዛሬውኑ አስገጥሙ። አንድ ፌዝ ጠፍቶ በሁለት ሲሮጥ የተቃጠለ ኮምፕረሰር በየጋራዡ ሞልቷል። ፌዝ ሲገለባበጥም አንዳንዱ ኮምፕረሰር ወደ ኋላ ይዞራል። ትራንስፎርመር ተቀይሮ መብራት በተመለሰ ማግስት ብዙ ጥሪ ይመጣልኛል፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እታለም ከወረታ · 2፡12

እግዜር ይስጥልኝ ወንድምዓለም። ዛሬውኑ አስጠይቃለሁ።

የዓሣ ቤት · ከቀኑ 9፡30

ጋሼ፣ ቁጥር ይዤ መጣሁ። ቁልፉ ያለው ቀጭን ቱቦ የገባበት ሳጥን ላይ ነው። ዛሬ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ጥላው ውስጥ 29 ዲግሪ ነበር። ከፍተኛው ጌጅ 225 ፒኤስአይ ላይ ነበር፣ ትንሽ አለፍ ሲል ዘጋ። ኮንደንሰሩን ክረምቱ ካለፈ በኋላ የነካው የለም። ከፊቱ ደግሞ አከራዩ ግድግዳ ሠርቶበታል፣ በክንድ የሚደረስ ነው።

ቀረሶ በሎሚ · 9፡41

እኛ ቤት በቀትር ውሃ በባልዲ እናፈስበታለን፣ ወዲያው ይነሳል። ሐይቁ አጠገብህ ነው፣ ምን ገዶህ?

ጋሽ ፍሪጎ · 10፡15

መጀመሪያ ቁጥሩ። በዚህ ከፍታ 225 ማለት ጋዙ ወደ ፈሳሽ የሚለወጠው 59 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው ማለት ነው። ውጭው 29። ልዩነቱ 30 ዲግሪ። ጤነኛ በፋን የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር ከውጭው አየር ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢበልጥ ነው። የአንተ እጥፍ ሆኗል።

ለዚህ ሦስት ተጠርጣሪ አለ። አንዱ ኮንደንሰሩ አየር አጥቷል፣ በቆሻሻም በግድግዳውም። ሁለተኛው ጋዙ ከልክ በላይ ተሞልቷል። ሦስተኛው ቧንቧው ውስጥ አየር ቀርቷል። ሁለቱ ተደራርበው ሊገኙም ይችላሉ።

ነገ በጠዋት እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አጥፋና ኮንደንሰሩን አጽዳ። በለስላሳ ብሩሽ፣ ፊኖቹ (ስስ የብረት ቅጠሎቹ) በቆሙበት አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች። አግድም ከሄድክ ታጥፋቸዋለህ። ከዚያ ውሃ፣ አየሩ ከሚገባበት በተቃራኒ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ግፋው። የመኪና ማጠቢያውን ጠንካራ ግፊት እንዳታመጣብኝ፤ ያ ፊኑን ያስተኛዋል፣ ከዚያ በኋላ ብታጥበውም አየር አያልፍም። ፋኑን ለብቻው ሸፍነው።

ሲደርቅ ኮምፕረሰሩ ሳይነሳ የኮንደንሰሩ ፋን ብቻ ይሽከርከር። ባለሙያህ ሽቦውን ለይቶ ያስነሳልህ፣ አንተ አትንካ። የቧንቧው ሙቀትና የአየሩ ሙቀት እኩል እስኪሆን ጠብቅ። ከዚያ ከፍተኛውን ጌጅ አንብብና የአየሩን ሙቀት ጻፍልኝ። ፈሳሽ ጋዝ ውስጡ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ብቻ ነው፤ ብዛቱ ለውጥ አያመጣም። ከሰንጠረዡ በልጦ ከተነበበ ውስጡ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

የፖሊ ልጅ · 10፡32

ስለ ግድግዳው እና ስለ ከፍታው አንድ ነገር። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ በተመሳሳይ ሙቀት ከባሕር ወለሉ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው ይዘት ያው ነው፣ ሙቀት የሚሸከመው ክብደቱ ግን ቀንሷል። ካታሎግ ላይ ያለው የኮንደንሰር አቅም ደግሞ ብዙ ጊዜ ለባሕር ወለል የተሰላ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ በልክ የተገዛ ኮንደንሰር ከመጀመሪያው ጠባብ ነው። ላዩ ላይ አቧራ ሲጨመር፣ የወጣው ትኩስ አየር ከግድግዳው ተመልሶ ሲገባ፣ በቀትር መተንፈሻ ያጣል። አዲስ የምትገዙ ሰዎች አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ኮንደንሰር ጠይቁ። ቱርቦ የሌለው ጄነሬተርም በዚሁ ምክንያት ጉልበቱ ይወርዳል፣ ስትገዙ አስቡት።

አባይ ማዶ ኤሌክትሪክ · 10፡40

ቀረሶ በሎሚ፣ ውሃው ይሠራል፣ አልክድም። መጋቢት ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ የሚተነው ውሃ ብዙ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ግን ውሃው ተንኖ ማዕድኑ ፊኑ ላይ ይቀራል። ከወራት በኋላ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ያንን ብሩሽም አያስለቅቀው። የሐይቅ ውሃ ደግሞ ደለልና አልጌ አለው። ከሁሉ የሚብሰው ባልዲ ይዛችሁ ከ380 ቮልት አጠገብ መቆማችሁ ነው። ለአንድ ቀን ጭንቅ ይሁን እሺ፣ ግን ልማድ አታድርጉት።

ቀረሶ በሎሚ · 10፡44

ነጩ ቅርፊት ያልከው አለ። ዝም ብዬ አቧራ መስሎኝ።

የዓሣ ቤት · መጋቢት 14፣ ከጠዋቱ 4፡10

አጸዳነው። የወጣው ቆሻሻ ፍራሽ ይሞላል፣ ላባም ጭድም አለበት። ከዚያ ባለሙያው መጥቶ ፋኑን ብቻ አስነሳው። አየሩ 20 ዲግሪ፣ ቧንቧውም 20። ከፍተኛው ጌጅ 85 ነው።

የፖሊ ልጅ · 4፡25

ተገኘ! አር 134ኤ በ20 ዲግሪ ሰንጠረዡ 68 ነው፣ በእኛ ከፍታ 71 ቢያነብ ነው። አንተ ጋ 85። ያች 14 ፒኤስአይ ጋዝ አይደለችም፣ አየር ናት። አየር በኮንደንሰሩ ሙቀት ፈሳሽ አይሆንም። እዚያው ቦታ ይዞ ይቀመጣል፣ ጋዙ የሚቀዘቅዝበትን ቦታ ይሻማል።

እና መንገዱ ግልጽ ነው። ሰውየው መርፌው 24 ላይ ሲቆም ፓምፑን ጠረጠረ። ፓምፑን ሲጠረጥር ቫኪዩሙን ተወው። ቫኪዩሙን ሲተወው አየሩን በጋዝ ሊገፋ ሞከረ። አየር ደግሞ እንዲያ ተገፍቶ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ ከጋዙ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል።

ጋዝ ሞላ · 4፡33

እሺ፣ ጋዝ መጨመሩን ተውኩት። ግን ታዲያ ከላይ ትንሽ ቢያስተነፍሰው አየሩ አይወጣም? ለምን ሁሉንም ያወጣል?

ጋሽ ፍሪጎ · 5፡02

ትልልቆቹ የአሞኒያ ማሽኖች ላይ ለዚህ የተሠራ ማስወጫ አለ። በእንዲህ ያለች ትንሽ ማሽን ላይ ግን ስታስተነፍስ አየሩ ብቻውን አይወጣልህም፣ ጋዙም አብሮ ይሄዳል፣ ከዚያ ስንት እንደቀረ ማን ያውቃል? አየሩ ይዞት የገባው እርጥበትም እዚያው ይቀራል። የአር 134ኤ ዘይት ደግሞ እርጥበት ይወዳል፣ ውሃ ጠጥቶ አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ የሞተሩን ሽፋን ይበላል። ዛሬ የዳነ ይመስልና ከዓመት በኋላ ይቃጠላል።

ወደ አየር መልቀቁም ነውር ነው። አንድ ኪሎ አር 134ኤ ከባቢ አየርን የሚያሞቀው እንደ 1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በማስመለሻ ማሽን ወደ ባዶ ሲሊንደር ይሳብ፣ ሲሊንደሩም ከ80 በመቶ በላይ አይሞላ። ከዚያ አዲስ ድራየር (እርጥበት የሚመጥ ማጣሪያ)፣ በናይትሮጅን የቀዳዳ ፍተሻ፣ ቫኪዩም እስከ 500 ማይክሮን፣ በመጨረሻ ጋዙ በሚዛን። ሠሌዳው ላይ ስንት ኪሎ እንደሚወስድ ተጽፏል። በጌጅ እየገመቱ መሙላት ይቅር።

አራት ኪሎ · 5፡08

እኛ ሰፈር ናይትሮጅን ሲጠፋ በኦክስጅን የሚፈትሽ አለ። ለብየዳ ይዞት ይመጣ የለ፣ እዚያው ይሰካዋል።

ጋሽ ፍሪጎ · 5፡11

በፍጹም! ይህንን በትልቁ አንብቡልኝ። ኦክስጅን በግፊት ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ሰው ይገድላል። ጠርሙሱን ወደ ማሽኑ ሲያስጠጋ ያያችሁት ሰው ካለ ከግቢ አስወጡት፣ ይቅርታ አትጠይቁት። ናይትሮጅን ከሌለ ሥራው ለነገ ይደር። ናይትሮጅኑም በሬጉላተር (ግፊት መቀነሻ) ነው የሚገባው፣ በቀጥታ ከሲሊንደሩ አይደለም።

እማማ አምባዛ · ከቀኑ 8፡20

እናንተ ልጆች ስለ ማሽኑ ብዙ አወራችሁ። ስለ ዓሣውስ? ዓሣው እንዴት ነው የሚገባው? እኔ ስንት ዘመን ከደልጊ የሚመጣ ዓሣ ተቀብያለሁ። በፀሐይ ውሎ፣ ሞቆ፣ በላስቲክ ታፍኖ ይመጣና "ኮልድ ሩሙ ያቀዝቅዘው" ይላሉ። ማሽኑ ምን ያድርግ?

የፖሊ ልጅ · 8፡47

እማማ ያሉት ሊሰላ ይችላል። 300 ኪሎ ዓሣ ከ25 ዲግሪ ወደ 0 ለማውረድ ወደ 27,000 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወጣል። ይህ 7 ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ኮልድ ሩም ደግሞ የተሠራው የበረደውን ለመጠበቅ ነው፣ የሞቀ ዓሣ ከምሮ እንዲያበርድ ከጠበቅነው በቀትር ይሰቃያል፣ መሐል ያለው ዓሣ ደግሞ እስከ ማታ ሞቆ ይቆያል።

በረዶ ግን አንድ ኪሎው ሲቀልጥ 334 ኪሎ ጁል ይወስዳል። ስለዚህ 81 ኪሎ በረዶ ያንን ሥራ በመንገድ ላይ ይጨርሰዋል። በመንገድ የሚባክነውን ጨምሩበትና ለሦስት ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያዙ፣ በሙቀቱ ወር ደግሞ ከፍ አድርጉት። ጾሙና ሙቀቱ በአንድ ወር መግጠማቸው የእኛ ዕጣ ነው፤ ሰው ዓሣ በብዛት የሚገዛውም፣ ኮንደንሰሩ የሚጨነቀውም መጋቢትና ሚያዝያ ነው።

እማማ አምባዛ · 8፡55

ተባረክ። እንዲሁም ሣጥኑን ከግድግዳው ራቅ አድርጉት፣ ከፋኑም ፊት አትከምሩ። አየር ካልዞረ አንዱ ጥግ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይሸታል። በሩንም ከፍቶ ስልክ የሚያወራ ሠራተኛ አይጠፋም።

የዓሣ ቤት · መጋቢት 17፣ ከምሽቱ 1፡05

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ይህን ክር ለባለሙያዬ አነበብኩለት። መጀመሪያ ኮስተር አለ፣ የ24ቷ ነገር ስትመጣ ግን ዝም ብሎ ሰማና "ታዲያ ይኼን ፓምፕ ልሸጠው ነበር እኮ" አለ። ማይክሮን ጌጅ ከጓደኛው ተዋሰ። የፓምፑን ዘይት ቀየረ፣ ጋዙን ሳበ፣ ድራየሩን ለወጠ፣ በናይትሮጅን ፈተሸ። ቫኪዩሙ 500 ገባ፣ ዘግተነውም ብዙ አልተነሳም። ጋዙን በሚዛን ሞላ። ከሠሌዳው ጋር ስናስተያየው ቀድሞ ከልክ በላይ ነበር፤ ያስመለሰው ከተጻፈው በለጠ።

ዛሬ በ7 ሰዓት ተኩል ውጭው ያው 29 ነበር። ጌጁ 148። አልዘጋችም።

አከራዩን ግን ገና እየለመንኩት ነው። ግድግዳውን አላፈርስም ይላል። ከታችና ከላይ ብሎኬት አውጥቶ በፍርግርግ ለመተካት ተስማምቷል።

ጋሽ ፍሪጎ · 1፡22

148 ማለት 43 ዲግሪ ነው። ከውጭው 14 ይበልጣል። ጤነኛ ነው። ፍርግርጉ ሲገባ ከዚህም ሊወርድ ይችላል። ኮንደንሰሩን ክረምት ሲያልቅ አንድ ጊዜ፣ ጾም ሳይገባ አንድ ጊዜ ጥረጉት። ጥር የካቲት አቧራው ስለሚበዛ በመሐልም እዩት። ዛሬ ያነበብካቸውን ቁጥሮች ከነሰዓታቸው ሳጥኑ በር ላይ ለጥፍ፤ ቀጣዩ ባለሙያ ሲመጣ ከዚያ ይነሳ።

ጋዝ ሞላ · 1፡30

ያ ፓምፕ አሁንም የሚሸጥ ከሆነ እኔ አለሁ።

የዓሣ ቤት · 1፡33

ጨርሶ አይሸጥም ብሏል።

እታለም ከወረታ · 1፡50

እኔም ልመልስ። ታይመሩ ተገጠመ፣ 3 ደቂቃ ላይ አድርገውታል። ከዚያ ወዲህ "እምምም" የለም። ግን ማታ ማታ ቮልቴጁ 185 ይላል። ለቴሌቪዥን የምንጠቀምባት ትንሽ ስታብላይዘር አለችን፣ ለወተት ታንኩ ትሆናለች?

አባይ ማዶ ኤሌክትሪክ · 2፡04

አትሆንም እታለም። ኮምፕረሰር ሲነሳ ለአፍታ ከተለመደው አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል፣ ትንሿ ስታብላይዘር ያኔ ታንቃ ቮልቴጁን ጭራሽ ትጥለዋለች። የታንኩን ሠሌዳ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ አምፔሩን አይቼ ልኩን እነግርሻለሁ። እስከዚያው ታይመሩን ወደ 5 ደቂቃ አስደርጊው፤ 185 ላይ ስትነሳ ግፊቱ በደንብ የተመጣጠነ ቢሆን ይሻላታል።